የጫካው ቶን የትኛው ቶን ነው?

በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበርና በጣርማበር አካባቢ ስላለው የወፍ ዋሻ ዓይነት ጫካ የሚጻፍ ጥናት ብዙ ጊዜ በሄክታር ስንት ቶን ካርቦን እንዳለ ይናገራል። የካርቦን ሽያጭ (ጫካው ከአየር ስቦ ለያዘው ጋዝ የሚከፈለው) ግን የሚቆጠረው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶን ነው። የካርቦን አቶም ክብደት 12፣ የጋዙ 44 ስለሆነ 1 ቶን ካርቦን 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሒሳቡ በአራት እጥፍ ገደማ ይሳሳታል።

አንድ ጽድ እንውሰድ። ዙሪያው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል፤ 94 ሳንቲሜትር ከሆነ ለ3.14 ሲካፈል ውፍረቱ (ዲያሜትሩ) 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከውፍረቱ፣ ከቁመቱና ከእንጨቱ እፍጋት ደረቅ ክብደቱ በቀመር ይገመታል (እርጥቡ አይደለም፤ ውሃ ካርቦን የለውም)። 400 ኪሎ ወጣ እንበል። ከደረቅ እንጨት 47 በመቶ ገደማው ካርቦን ስለሆነ በ0.47 ሲባዛ 188 ኪሎ ካርቦን፣ በ3.67 ሲባዛ ደግሞ 690 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

በአንኮበርና በጣርማበር ገደላ ገደል ግን ዋናው ጣጣ ሜትሩ ነው። 30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ መሬቱን ተከትሎ የተዘረጋ 20 ሜትር፣ በአግድም 17.3 ብቻ ነው። 20 በ20 የተባለው ቦታ 400 ሳይሆን 346 ካሬ ሜትር ነው (ሄክታር የሚቆጠረው በአግድም ነውና)፤ እንደ 400 ከተቆጠረ የሄክታሩ ካርቦን ከእውነቱ አንሶ ይወጣል። ግንዱም የሚለካው ከዳገቱ በኩል ተቆሞ ነው።

«ክምችት» እና «በዓመት የሚሳበው»ም ይለያያሉ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ በዓመት ብዙ ይስባል፤ ተቆርጦ ምድጃ ሲገባ ግን ያው ወደ አየር ይመለሳል።