ብረት ውሃ አይጠጣም

ቅዳሜ ዕለት ከደሴ ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ቢላ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። የቀላውን ብረት ባልዲ ውስጥ ሲነክሩት ጭስስ አለ። አጠገቤ የቆመ ልጅ «አየህ፣ ውሃ ጠጥቶ ጠነከረ» አለኝ።

ይህን ሥራ ሳይንሱ «ኩዌንቺንግ» ይለዋል። እኛ እሳትን እናጠፋለን፣ ጥምን እንቆርጣለን፣ ብረትን እንነክራለን። ፈረንጆቹ ግን ለሁሉም አንድ ቃል ስላላቸው ብዙ ነገር ይምታታል። በተለምዶ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«የሚያጠነክረው ውሃው ነው።» አይደለም፤ ፍጥነቱ ነው። ብረቱ ከ800 ዲግሪ ገደማ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ካርቦን መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈናል። ጥንካሬው ከዚህ ይመጣል። ዘይትም ያጠነክራል፤ ረጋ ብሎ ስለሚያቀዘቅዝ እንዲያውም ስንጥቅ ይቀንሳል።

«ማንኛውም ብረት ይጠነክራል።» የባሌስትራ ስባሪ አዎ፣ በቂ ካርቦን አለው። የበር ላሜራ ግን ቀኑን ሙሉ ብትነክረው ያው ነው። መዳብማ ግሎ ሲነከር ጭራሽ ይለሰልሳል።

«ከተነከረ አለቀ።» ልጁ ቢላውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ጋሼ ከለከሉት። «አሁን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበር።» ስለቱን በአሸዋ ወረቀት አጸዱና ፍሙ ዳር መልሰው አስጠጉት። ብረቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ አነሱት። አሁን ጠንካራም ነው፣ ቶሎም አይሰበርም።

«የተቃጠለ ቆዳም በበረዶ ቶሎ ይቀዝቅዝ።» እዚህ ላይ የብረቱን ብልሃት እርሱት። በረዶ ቆዳውን ደግሞ ይጎዳዋል። የሚያስፈልገው ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ቧንቧ ከሌለ በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ። ቅቤና የጥርስ ሳሙና (እኔም በልጅነቴ ተቀብቻለሁ) ሙቀቱን አያወጡም፤ ቁስሉን ከሐኪሙ ዓይን ይጋርዳሉ እንጂ።

«ኤምአርአይ ኩዌንች አደረገ ማለት ተቃጠለ ማለት ነው።» እሳት የለም። የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው የዚህ የሆስፒታል ማሽን ማግኔት −269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛል። የማግኔቱ ሽቦ በድንገት ሲሞቅ ሂሊየሙ ፈልቶ ይተናል፤ 1 ሊትሩ ከ700 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። በቱቦ ወደ ውጭ ካልወጣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይገፋዋል። ስለዚህ ሰው ቶሎ መውጣት አለበት።

«ብርሃንን የሚያጠፋው ጨለማ ወይም ጥላ ብቻ ነው።» የብር ኖት መፈተሻ መብራት ካላችሁ ቶኒክ ውሃ ያዙበት። ውስጡ ባለው ኩዊኒን ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። (ኪኒን የምንለው ቃል ራሱ ከዚህ የመጣ ነው።) ከዚያ ጨው ጨምሩና አማስሉ። መብራቱ እንደበራ ነው፣ ቶኒኩም ጥርት እንዳለ ነው፤ ሰማያዊው ግን ይደበዝዛል። ይህንም ሳይንሱ «ኩዌንቺንግ» ይለዋል።