ሎርድ ጆን ራስልና ኧርል ራስል አንድ ሰው ናቸው

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ እንግሊዝ ጠብ የሚያወራ ጽሑፍ ስትከፍቱ አንድ ገጽ ላይ «ሎርድ ጆን ራስል»፣ ሌላው ላይ «ኧርል ራስል» ታገኛላችሁ። አንባቢው ሁለት ሰው ይመስለዋል፤ ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ መስሎት ነው የጻፈው። ሲብስ አባትና ልጅ ተደርገው ይቀርባሉ። ደግመን እንበለው፦ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ አንድ ሰው ናቸው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ስህተቱ የሚነሳው «ሎርድ»ን እንደ ደጃዝማችነት ተሹሞ የሚያዝ አንድ ማዕረግ አድርጎ ከማየት ነው። ሎርድ መባል ቢያንስ ሦስት መንገድ አለው። በመጀመሪያው ሰውየው ራሱ ባለማዕረግ ነው፤ ባሮን፣ ቫይካውንት፣ ኧርል ወይም ማርኪስ ሆኖ በዚያ ዘመን በላይኛው ምክር ቤት፣ በሎርዶች ቤት ይቀመጥ ነበር። ሁለተኛው የወራሹ ነው፦ የዱክ (ከማርኪስ በላይ ያለው ከፍተኛው ማዕረግ)፣ የማርኪስ ወይም የኧርል በኩር አባቱ በሕይወት ሳለ ከአባቱ ዝቅተኛ ማዕረጎች በአንዱ ይጠራል። ሦስተኛው የታናናሾቹ ነው፦ የዱክና የማርኪስ ሌሎች ወንዶች ልጆች በራሳቸው ስም ፊት «ሎርድ» ይቀጠልላቸዋል። በኋለኞቹ ሁለቱ ማዕረጉ ለአክብሮት ብቻ ነው። ሕጉ ተራ ሰው ይላቸዋል፤ ለታችኛው ምክር ቤት መወዳደርም ይችላሉ። «ሎርድ ሆኖ እንዴት የሕዝብ እንደራሴ ይሆናል?» ለሚለው የማያልቅ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ራስል ከሦስተኛዎቹ ነው። ኦገስት 18 ቀን 1792 ለንደን ውስጥ ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ። ያኔ «ሎርድ ጆን ራስል» የሚባለው አባቱ ነበር፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይጀምራል። አባትየው በ1802 ወንድሙን ወርሶ ስድስተኛው የቤድፎርድ ዱክ ሲሆን፣ በኩሩ ፍራንሲስ የታቪስቶክ ማርኪስ፣ ሦስተኛው ልጅ ደግሞ ሎርድ ጆን ተባለ። በዚህ ስም በ1813 ገና ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ታችኛው ምክር ቤት ገባ፤ በዚሁ ስም ከ1846 እስከ 1852 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ኧርል የሆነው ጁላይ 30 ቀን 1861 ነው። ከ1865 እስከ 1866 ለሁለተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የሚቀመጠው በላይኛው ቤት ነበር።

መለያው ቀላል ነው። ከ«ሎርድ» ቀጥሎ የራስ ስም ካለ ሰውየው ከሦስተኛዎቹ ነው፤ ስሙ ሲያጥር «ሎርድ ጆን» እንጂ «ሎርድ ራስል» አይባልም። ከ1861 በኋላ ተገላቢጦሽ ነው፦ «ሎርድ ራስል» ትክክል፣ «ሎርድ ጆን» ስህተት። ስለዚህ ስለ 1847 የሚያወራ ጽሑፍ «ኧርል ራስል አሉ» ካለ፣ ማዕረጉን የጨመረው በኋላ የጻፈው ሰው ነው። ሚስቱም እስከ 1861 «ሌዲ ጆን ራስል» ነበረች፤ ባሏን ተከትላ እንጂ ስሟስ ፍራንሲስ ነው። ይህን ሳያጣራ «ወይዘሮ ጆን» ብሎ የሚተረጉም ሰው ጆን የምትባል ሴት ይፈጥርልናል።

ስለ ራስል የሚባሉ ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «የዱክ ልጅ ነውና ሀብታም ነበር።» አልነበረም። ርስቱም ቤተ መንግሥት የሚያህለው የዎበርን ቤትም ለበኩሩ ነው የሚያልፉት። በለንደን አቅራቢያ ሪችመንድ ፓርክ ውስጥ የኖረበትን ፔምብሮክ ሎጅንም በ1847 እንዲኖርበት የሰጡት ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው።

«የ1832ቱን የምርጫ ማሻሻያ ሕግ በጠቅላይ ሚኒስትርነቱ አወጣ።» ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኧርል ግሬይ ነበር፤ ራስል ረቂቁን በማርች 1831 ለምክር ቤቱ ያቀረበው ሰው ነው።

«ያገባው አንዴ ነው።» ሁለቴ ነው። በ1835 አዴሌይድን፣ የባሮን ሪብልስዴልን መበለት፣ ከአራት ልጆቿ ጋር አገባ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዳለት በ1838 ሞተች። በ1841 የኧርል ሚንቶን ልጅ ፍራንሲስን አግብቶ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለደ። ቁመቱ አጭር ስለነበር በመጀመሪያው ጋብቻ ጊዜ «የመበለቲቱ ናስ» ብለው ቀለዱበት፤ በወንጌሉ መበለቲቱ መባ አድርጋ የጣለችው ሳንቲም የእንግሊዝኛ ስሙ «ኢምንት» ማለትም ነው።

«ፈላስፋው በርትራንድ ራስል ልጁ ነው።» የልጅ ልጁ ነው። አባቱ ቫይካውንት አምበርሊ፣ የኧርሉ በኩር፣ በጃንዋሪ 1876 ከአባቱ ቀድሞ ስለሞተ ኧርል ሆኖ አያውቅም። ለልጆቹ የመረጣቸው አሳዳጊዎች በሃይማኖት የማያምኑ ስለነበሩ ፍርድ ቤት ኑዛዜውን ሽሮ ልጆቹን ለአያቶቻቸው ሰጠ። ሽማግሌው በሜይ 1878 ሲሞት በርትራንድ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ስለዚህ «አያቱ ፖለቲካ አስተማረው» የሚባለው ወሬ ነው። ያሳደገችው እስከ 1898 የኖረችው አያቱ ናት። ማዕረጉም መጀመሪያ ለታላቅ ወንድሙ ፍራንክ፣ ከዚያ በ1931 ለእሱ ደረሰ።

ወደ ቴዎድሮስ እንመለስ። «ንግሥት ቪክቶሪያ የቴዎድሮስን ደብዳቤ አንብበው ናቁት» ይባላል። ለንግሥቲቱ የተላከ የውጭ ደብዳቤ የሚስተናገደው በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በኩል ነው፤ ከ1859 እስከ 1865 ያ ሚኒስትር ራስል ነበር። በቆንስሉ ካሜሮን በኩል በ1862 መገባደጃ የተላከው ደብዳቤ በፌብሩዋሪ 1863 ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ንጉሡ የሚከሱት ቱርክን ነበር፤ ቱርክ ደግሞ በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝ አጋር ነበረች። ራስል ለካሜሮን የሰጠው ትእዛዝም ወደ ምጽዋ ተመልሶ ከአገሩ ጉዳይ እጁን እንዲያወጣ ነው። ንግሥቲቱ የፈረሙበት መልስ የተጻፈው ካሜሮን ከታሰረ በኋላ በ1864 ሲሆን፣ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም ንጉሡ ፊት የቀረበው በጃንዋሪ 1866 ነው። ጥፋቱ የራስል ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ተነስቶ «መቅደላ የዘመተውን የጦር አዛዥ ናፒየርንም የላከው ራስል ነው» ማለት ግን አይቻልም። መንግሥቱ በጁን 1866 ወድቋል። ዘመቻው በ1867 ሲወሰን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኧርል ደርቢ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ስታንሊ ነበሩ። ስታንሊ የደርቢ በኩር፣ የታችኛው ምክር ቤት አባል ነው። ከ«ሎርድ» ቀጥሎ የራስ ስም የለውም፤ ከሁለተኛዎቹ ነዋ። በ1869 አባቱ ሲሞት እሱም ኧርል ደርቢ ሆነ።