የሕመም ማስታገሻ፣ ጨጓራና ቫይታሚኖች፦ ለወሎ አንባቢ

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን፣ በደሴም ሆነ በወልዲያ ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚዋጡት፣ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ሕመምን የሚያበርዱት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማገድ ነው፤ ይህን በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳየው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ነው። ጨጓራ ግን ከአሲድ የሚጠብቀውን ዝልግልግ የሚያመነጨው በዚሁ ፕሮስታግላንዲን ነው። ሲያጥረው ሽፋኑ ይሳሳል፣ ወደ ግድግዳው የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። ነጭ የደም ሴሎች በቀጫጭኑ የደም ሥሮች ላይ ተለጥፈው ፍሪ ራዲካል የተባሉ ጎጂ ሞለኪውሎችን ይለቃሉ፤ ይህም የጨጓራውን ሴሎች የስብ ሽፋን ይጎዳል።

ቫይታሚን ሲ እና ኢ የሚጠቅሙት እዚህ የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ፍሪ ራዲካሉን በማክሸፍ ነው። ጤነኛ ጨጓራ ቫይታሚን ሲን ከደም እየሳበ በፈሳሹ ውስጥ ያከማቻል፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ካለ ክምችቱ ይወርዳል። ኢ በስብ ስለሚሟሟ የሴሉን ሽፋን ይጠብቃል። በአይጦች ላይ ጉዳቱን ሲቀንሱ ታይቷል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ስስ ነው፤ የታገደውን ፕሮስታግላንዲንም አይመልሱም። ቁስለት የነበረበት ወይም ከ65 ዓመት ያለፈ ሰው ማስታገሻውን መውሰድ ግድ ከሆነበት፣ ሐኪም የሚያዝለት የጨጓራ አሲድ መቀነሻ፣ ኦሜፕራዞል (ብዙውን ጊዜ 20 ሚሊ ግራም፣ ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት) በቫይታሚን አይተካም።

ከምግብ ማግኘቱ ይሻላል። ከመርሳ አካባቢ የሚመጣው ፓፓያና ብርቱካን ጥሩ ምንጭ ነው፤ 100 ግራም ብርቱካን 50 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው። ጎመንም አለው፣ ብዙ ሲቀቀል ግን አብዛኛው ይጠፋል። ቃሪያ ሞልቶታል፤ ጨጓራው ለሚያቃጥለው ግን አይመከርም። ቫይታሚን ኢ በሱፍ ውስጥ አለ። የቫይታሚን ሲ ክኒን ራሱ አሲድ ስለሆነ በባዶ ሆድ ያቃጥላል፤ በቀን ከ2 ግራም ካለፈ ያስቀምጣል። ኢ በብዛት ከአስፕሪን ወይም ደም እንዳይረጋ ከሚሰጠው ዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ መድማትን ያባብሳል።

«መርፌው ጨጓራ አይነካም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ዳይክሎፌናክ በደም ዞሮም ፕሮስታግላንዲኑን ያግዳል። በዚሁ ምክንያት በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ፣ በጾም ደግሞ ከምሳ በኋላ መዋጡ ማቃጠሉን ቢያለዝብ እንጂ ቁስለቱን አያስቀርም። የከፋው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደርቦ መዋጥ ነው፦ ማስታገሱ ብዙም አይጨምርም፣ ጉዳቱ ግን ይጨምራል። ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞል ጨጓራን አይልጥም፤ መጠኑ ካለፈ ግን ጉበትን ይጎዳል። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ (የብረት ክኒንም ያጠቁራል) ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ከታየ ማስታገሻውን አቁሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።