የብሪታንያ ዓሣና የብራሰልስ ኮታ፦ ሞቶ ወደ ባሕር ስለተመለሰው ምርት አጠቃላይ ዳሰሳ

የዓሣ ኮታ ማለት አንድ አገር ወይም አንድ ጀልባ በዓመት ከአንድ የዓሣ ዓይነት ይህን ያህል ቶን ብቻ ወደ ወደብ ማምጣት ይችላል የሚል ገደብ ነው። "ወደ ወደብ ማምጣት" የሚለውን ያዙልኝ። ብዙው ችግር የመጣው ከዚያ ሐረግ ነው። ስለ ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣቷ፣ በአማርኛ ብዙ አንብቤአለሁ፣ ስለ ዓሣው ግን ብዙም ስላልገጠመኝ ነው ይህን ያሰናዳሁት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1970 ነው። የያኔው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት፣ መቀመጫው ብራሰልስ) አባላት ስድስት ብቻ ነበሩ። ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ ዴንማርክና ኖርዌይ ለመግባት እየጠየቁ ነው፤ አራቱም በዓሣ የታደለ ባሕር አላቸው። የመግቢያው ድርድር በተከፈተበት ቀን፣ ጁን 30፣ ስድስቱ አባላት አንዱ በሌላው ባሕር እኩል የማስገር መብት ይኖረዋል በሚል መርህ ተስማሙ። አዲስ ገቢ ደግሞ ያገኘውን ሕግ እንዳለ ተቀብሎ ነው የሚገባው። ኖርዌይ በ1972 ለሕዝቧ ድምፅ አቀረበች፣ ሕዝቡ እምቢ አለ። ለእምቢታው ዓሣው ትልቅ ምክንያት ነበር። ብሪታንያ ግን በ1973 መግቢያ ላይ፣ በኤድዋርድ ሂዝ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን ገባች። በኋላ ይፋ በሆነ የስኮትላንድ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ማስታወሻ ላይ፣ ከሰፊው የአውሮፓ ጥቅም አንፃር የስኮትላንድ አስጋሪዎች ቢሠዉም ግድ የማይሰጡ ተደርገው ነው የታዩት። ይህን ማስታወሻ በስኮትላንዱ የአስጋሪ ወደብ በፒተርሄድ የሚረሳ ሰው የለም።

የለንደን ሰዎች የራሳቸው ስሌት ነበራቸው። የእንግሊዝ ወደቦች የኸልና የግሪምስቢ ትልልቅ መርከቦች እንጀራቸው ያለው ሩቅ ባሕር ላይ ነበር፤ በተለይ አይስላንድ ዳርቻ። አይስላንድ ግን የባሕር ወሰኗን መጀመሪያ ወደ 12፣ ከዚያ ወደ 50፣ በመጨረሻም ወደ 200 የባሕር ማይል ገፋችው። "የኮድ ጦርነት" የሚባለው ይህ ነው፤ ኮድ የዓሣ ስም ነው። በ1976 ብሪታንያ ተሸንፋ ወጣች። ያቺ ትንሽ አገር የባሕር ኃይል ያላትን መንግሥት መረብ እየቆረጠች ነው ያሸነፈችው። ብሪታንያም የራሷን ወሰን ወደ 200 ማይል ብታሰፋም፣ ባሕሩን ከአባል አገሮች ጋር ለመጋራት ቀድማ ፈርማ ነበር።

በ1983 የጋራ የዓሣ ፖሊሲው ሙሉ ቅርጽ ያዘ። በየዓመቱ ከየዓሣው ዓይነት ሊያዝ የሚችለው ጠቅላላ መጠን ይወሰናል፤ ከዚያ ድርሻው በቋሚ መቶኛ ለአገሮቹ ይከፋፈላል። መቶኛው በዋናነት የተመሠረተው በ1973 እና በ1978 መካከል ማን ምን ያህል ይይዝ እንደነበር በሚያሳየው መዝገብ ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት የብሪታንያ ትልልቅ መርከቦች ሩቅ ባሕር ላይ ነበሩ። ጎረቤቶቿ ደግሞ እሷ ደጃፍ ላይ። ውጤቱን ለማየት የእንግሊዝ ቻናልን ኮድ መመልከት ይበቃል፦ ለፈረንሳይ 84 በመቶ፣ ለብሪታንያ 9 በመቶ። ስፔንና ፖርቱጋል በ1986 ገቡ። የስፔን ባለቤቶች ደግሞ ጀልባዎችን በብሪታንያ እያስመዘገቡ ከብሪታንያ ኮታ ያሰግሩ ነበር። መንግሥት በ1988 ሕግ አውጥቶ ሊከለክል ሞከረ፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ሄዶ ሕጉ ተሸነፈ።

አሁን ወደ ብክነቱ። ኮድ፣ ሀዶክና ዋይቲንግ የሚባሉት ዓሦች ሰሜን ባሕር ውስጥ አብረው ነው የሚኖሩት። መረብ ደግሞ ዓይነት አይመርጥም። አስጋሪው የኮድ ኮታው አልቆ ሀዶክ ቢቀረው፣ ሀዶክ ሊይዝ ወጥቶ መረቡ ሲሳብ ግማሹ ኮድ ሊሆን ይችላል። በያኔው ሕግ ያንን ኮድ ወደብ ቢያመጣ ወንጀለኛ ነበር። ባሕር ላይ ቢጥለው ግን ሕግ አክባሪ ነበር። ስለዚህ ይጥለው ነበር። ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት የወጣ ኮድ የሆዱ የአየር ከረጢት ስለሚነፋ በአብዛኛው ተመልሶ አይድንም። የዓሣው ቁጥር ያው ይቀንሳል፣ የሚበላው ግን የለም፤ ሳይንቲስቱም በትክክል ምን ያህል እንደሞተ አያውቅም ነበር፣ ምክንያቱም መዝገቡ የሚቆጥረው ወደብ የደረሰውን ብቻ ነበር። ሌላም አለ። ኮታው ጠባብ ሲሆን ትልቁን፣ ውድ የሚሸጠውን ዓሣ ለማስቀረት ትንሹን መጣል ያዋጣል። ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ደክሞ ያወጣውን ንጹሕ ምግብ በአካፋ ወደ ባሕር መመለስ ለአንድ አስጋሪ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ከጠቅላላው ምርት 23 በመቶ ያህሉ እንደሚጣል ገምቷል። ዘመቻ ያደረጉ ሰዎች በሰሜን ባሕር እስከ ግማሽ ይደርሳል ይሉ ነበር፤ ቁጥሩ እንደ ዓሣው ዓይነትና እንደ ዓመቱ ይለያያል። ኖርዌይ በ1987 ኮድና ሀዶክ መጣልን ከልክላለች። እዚያ ከኮታ ያለፈ ዓሣ ወደብ ይገባል፤ አስጋሪው ለድካሙ ከዋጋው 20 በመቶ ያህል ያገኛል፤ ቀሪው የዓሣ ሽያጩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ይሄዳል። ትንንሽ ዓሣ በበዛበት ቦታም ባሕሩ ወዲያው ይዘጋል። ቀላል አሠራር ነው፣ አውሮፓ ግን እሱን ለመከተል ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀበት። ስኮትላንድና ዴንማርክ ውስጥ ጀልባ ላይ ካሜራ አስገጥመው የያዙትን ሁሉ ለማስቆጠር የተስማሙ አስጋሪዎች ተጨማሪ የኮድ ኮታ የሚያገኙበት ሙከራም ነበር። ይህ ሙከራ ከተሰጠው በላይ ትኩረት ይገባው ነበር ባይ ነኝ።

ከዚያ የቴሌቪዥኑ ምግብ አብሳይ ሂዩ ፈርንሊ ዊቲንግስቶል ነገሩን ለሕዝብ አሳየ። ከ800 ሺህ በላይ ሰው ፊርማውን አኖረ። በ2013 ፖሊሲው ተሻሻለ፤ የተያዘውን ሁሉ ወደብ የማምጣት ግዴታ ከ2015 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ገብቶ በ2019 ሙሉ ሆነ። ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የብሪታንያ የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ፣ ቀድሞ ይጣል የነበረው ዓሣ ወደቦች ላይ እምብዛም አለመታየቱን በስጋት ጽፏል።

አስጋሪዎቹን ብቻ ንጹሕ አድርጎ ማቅረብም ልክ አይሆንም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በስኮትላንድ፣ በሼትላንድ ደሴቶችና በፒተርሄድ፣ ወደ 63 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ማኬሬልና ሄሪንግ የሚባል ዓሣ ሳይመዘገብ መግባቱ በፍርድ ቤት ተረጋግጧል። ኮታውን በአገር ውስጥ ያከፋፈለው ደግሞ ለንደን ነው፣ ብራሰልስ አይደለም። ከ10 ሜትር በታች የሆኑት ጀልባዎች ከመርከቦቹ ቁጥር አብዛኛውን ይይዛሉ፤ ከኮታው ግን የሚደርሳቸው ጥቂት ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኮርንዋል ውስጥ ብቻውን ለሚያሰግር ሰው ይህ ከአውሮፓ ጣጣ አይተናነስም።

የንግዱ ጎን ሌላ ነው። ብሪታንያ ከምትይዘው አብዛኛውን ወደ ውጭ ትሸጣለች፤ የምትበላውን ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ታስገባለች። ፊሽ ኤንድ ቺፕስ (የተጠበሰ ዓሣና ድንች) ላይ የሚቀርበው ኮድ ብዙ ጊዜ የአይስላንድ ወይም የኖርዌይ ነው። የስኮትላንድ ላንጉስቲን (ትንሽ ሎብስተር መሰል የባሕር እንስሳ) የሚበላው ፈረንሳይና ስፔን ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ መሆን ምን እንደሚያስከፍል የኖርዌይ ሳልሞን ያሳያል፦ ጥሬው ሲገባ ቀረጡ 2 በመቶ ነው፣ በጭስ የተዘጋጀው ግን 13 በመቶ። ስለዚህ ብዙው ሳልሞን ጥሬውን ሄዶ ጭሱን ፖላንድ ውስጥ ያገኛል፣ ሥራውም እዚያው ይቀራል።

በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ብዙ የአስጋሪ ወደቦች ከኅብረቱ ለመውጣት በሙሉ ልብ ቆሙ። በዲሴምበር 2020 የተፈረመው ስምምነት የኅብረቱ መርከቦች በብሪታንያ ባሕር ከሚይዙት ዋጋ 25 በመቶው እስከ ጁን 2026 ድረስ ቀስ በቀስ ለብሪታንያ እንዲተላለፍ አደረገ። አስጋሪዎቹ ከተነገራቸው ተስፋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ትኩስ ዓሣ የጫኑ መኪኖች የጤና ሰርተፊኬት ሲጠብቁ ጭነታቸው ዋጋ አጣ፤ ሾፌሮች መኪናቸውን ይዘው ፓርላማው ደጃፍ ድረስ ሄዱ። ከአንዳንድ ውኃዎች የሚወጣ፣ ገና ያልተጣራ ሕያው ዛጎል ዓሣ ወደ ኅብረቱ እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ከኖርዌይ ጋር የተደረገው ድርድር ሳይሳካ ቀርቶ የኸሏ ትልቅ መርከብ ኪርኬላ የኖርዌይን ባሕር አጣች።

ሜይ 2025 ላይ ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተስማሙ። የኅብረቱ መርከቦች በብሪታንያ ባሕር የማስገር መብት በ12 ዓመት ተራዘመ፤ ለብሪታንያ ደግሞ የምግብ ቁጥጥር ወረቀቱ የሚቀልበት ስምምነት ሊደራደሩ ቃል ተገባ። መንግሥት ለባሕር ዳር ከተሞች የ360 ሚሊዮን ፓውንድ ፈንድ አስታወቀ። አዲሱ የመግቢያ መብት የሚያበቃው ጁን 30 ቀን 2038 ነው።