ሆንግኮው፦ በጦርነት ዘመን ቻይናውያንና አይሁዳውያን ጎረቤት የሆኑበት የሻንጋይ ሰፈር

ሆንግኮው በቻይናዋ ሻንጋይ ከተማ፣ ከሱዡ ወንዝ በስተሰሜን የሚገኝ ሰፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከፖላንድ የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዳውያን ከድሃ ቻይናውያን ጋር ግድግዳ ተጋርተው የኖሩት እዚህ ነው። ስለዚያ ዘመን ቻይናውያንና አይሁዳውያን የሚጻፈው ታሪካዊ ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳውም ከዚሁ ሰፈር ነው። ልብ ወለዱን ለሚያነብ ሰው መጀመሪያ ሰፈሩን ማወቅ በጣም ይጠቅማል። ዓመታቱም፣ ወራቱም፣ ቀናቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከስደተኞቹ በፊት

ሻንጋይ ለውጭ ንግድ የተከፈተችው ከእንግሊዝ ጋር ከተደረገው የኦፒየም ጦርነት በኋላ፣ በ1842 የናንጂንግ ውል ነው። ከባግዳድ በሕንዷ ቦምቤይ በኩል የመጡት አይሁዳውያኑ የሳሱን፣ የካዱሪና የሃርዱን ቤተሰቦች በከተማዋ ትልልቅ ባለሀብቶች ሆኑ። ከ1917ቱ የሩሲያ አብዮት በኋላ ደግሞ የሩሲያ አይሁዳውያን ተከተሉ። ሆንግኮው ውስጥ ያለው የኦሄል ሞሼ ምኩራብ የእነሱ ነበር።

በ1937 ከነሐሴ እስከ ኅዳር ጃፓንና ቻይና ሻንጋይ ላይ ተዋጉ። ሆንግኮው ክፉኛ ተቃጠለ። ነዋሪው ወደ ሌሎቹ የከተማዋ ክፍሎች ሸሸ፤ ሰፈሩም በጃፓን ጦር እጅ ገባ። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል ግን የለበትም። በኋላ የመጡት አይሁዳውያን እዚህ ርካሽ ቤት ሊያገኙ የቻሉት የቻይናውያኑ ሰፈር ስለነደደ ነው። የአንዱ መጠለያ የሌላው ፍርስራሽ ነበር።

እንዴት ደረሱ

በሐምሌ 1938 የ32 አገሮች ተወካዮች ፈረንሳይ ኤቪያን ላይ ስለ ስደተኞች ተሰበሰቡ። ሁሉም አዘነ፤ በሩን የከፈተ ግን የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በኅዳር ናዚዎች ምኩራቦችን አቃጠሉ። ወንዶችን እየለቀሙ ማጎሪያ ካምፕ አስገቡ። ከካምፕ ለመውጣት አገር ለቆ የመሄጃ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር።

ሻንጋይ ወደብ ላይ ያኔ ፓስፖርትና ቪዛ የሚጠይቅ አልነበረም። የቻይና መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ወደቡን መቆጣጠር አልቻለም፤ ቦታውንም ወዲያው የተካው የለም። ከናዚ እጅ ለመውጣት ግን መድረሻን የሚያሳይ ወረቀት ግድ ነበር። እዚህ ላይ ነው ስሙ ሊነሳ የሚገባው ሰው የሚመጣው። ሆ ፌንግ-ሻን ይባላል። ከ1938 እስከ 1940 በቪየና የቻይና ቆንስል ጄኔራል ነበር። ለጠየቀው ሁሉ የሻንጋይ ቪዛ ይሰጥ ነበር። በርሊን ያለው አለቃው፣ አምባሳደር ቼን ጂ፣ እንዲያቆም አዘዘው። አላቆመም። ናዚዎች ቆንስላው ያለበትን ቤት የአይሁድ ንብረት ነው ብለው ወረሱበት። እሱ ሌላ ትንሽ ቤት ተከራይቶ፣ ኪራዩን ከኪሱ እየከፈለ ቀጠለ። የሰጠው ቪዛ በሺዎች እንደሚቆጠር ይታመናል፤ በትክክለኛው ቁጥር ላይ ግን ስምምነት የለም። ብዙዎቹ በዚያ ቪዛ ወጥተው ሻንጋይን ሳይረግጡ ወደ ሌላ አገር ሄደዋል። ሰውዬው በሕይወት ሳለ ስለዚህ ሥራው ብዙም አላወራም። በ1997 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አረፈ። የእስራኤሉ የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ተቋም፣ ያድ ቫሼም፣ ጻድቅ ብሎ የሰየመው ከሞተ በኋላ፣ በ2000 ነው።

መንገዱ በባሕር ነበር። የጣሊያን መርከቦች ከጄኖዋና ከትሪየስተ ተነስተው በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር፣ ከዚያም በቦምቤይና በሆንግ ኮንግ አድርገው አንድ ወር ገደማ ይፈጃሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ኢትዮጵያን የወረረው ጦር የተጓጓዘውም በዚሁ ቦይ ነው። ስደተኞቹ በሌጣ እጅ ነበር የሚወጡት። ከጀርመን ይዞ መውጣት የሚፈቀደው 10 ማርክ ብቻ ነበር። በነሐሴ 1939 ጃፓኖችና የከተማዋ አስተዳደር መግቢያውን አጠበቡ። ጣሊያን በሰኔ 1940 ጦርነቱን ስትቀላቀል የባሕሩ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ የሳይቤሪያ ባቡር ቀረ፤ እሱም ጀርመን በሰኔ 1941 ሶቪየት ኅብረትን ስትወር ቆመ። ከፖላንድ የመጡት፣ የሚር የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጭምር፣ በሊትዌንያ የጃፓን ቆንስል የነበረው ቺዩኔ ሱጊሃራ በሰጣቸው ቪዛ በጃፓን ዞረው ነው የደረሱት።

ስንት ነበሩ? አንዳንዱ 16,000፣ አንዳንዱ 18,000፣ አንዳንዱ ከ20,000 በላይ ይላል።

የቅያሱ ኑሮ

አቅም ያጡት በእርዳታ ድርጅቶች የጋራ መኝታ ቤቶች ውስጥ በተደራራቢ አልጋ ተኙ። ሌሎቹ በጠባብ ቅያስ ግራና ቀኝ በተደረደሩ ቤቶች አንዲት ክፍል ተከራዩ። አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ደባል ሆኖ ይኖራል። መጸዳጃው የእንጨት ባልዲ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ መጥቶ ይደፋዋል። ማገዶ ውድ ስለሆነ ሙቅ ውሃ እንኳ በግዢ ነበር። ቻይናዊው ውሃ ሻጭ በትልቅ ምድጃ ያፈላል፤ ደንበኛው የቀርከሃ ምልክት ሰጥቶ በቴርሞስ ይቀዳል። የቪየና ጠበቃ ሚስትና የሪክሾ፣ ማለትም በሰው የሚጎተት የተሳፋሪ ጋሪ፣ ጎታች ሚስት እዚያው ወረፋ ይቆማሉ። ጥሬ ውሃ መጠጣት አይታሰብም፤ ተቅማጥና ተስቦ ብዙ ሰው ይጥሉ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቹሳን መንገድና አካባቢው «ትንሿ ቪየና» ተባለ። ካፌ ተከፈተ፣ ኬክ ተጋገረ፣ በጀርመንኛ ጋዜጣ ታተመ፣ ቲያትር ታየ። ሆራስ ካዱሪ በ1939 ለስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመ። የአሜሪካው እርዳታ ድርጅት፣ ጆይንት፣ በ1941 የላካት ላውራ ማርጎሊስ በጃፓኖች እስክትታሰር ድረስ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚመገብበትን ኩሽና አንቀሳቅሳለች።

ጃፓን በታኅሣሥ 1941 መላውን ከተማ ያዘች። የካቲት 18 ቀን 1943 አዋጅ ወጣ። ከ1937 ወዲህ የመጡ «አገር አልባ ስደተኞች» በሦስት ወር ውስጥ ሆንግኮው ውስጥ ወደተከለለ ሥፍራ ይግቡ ተባለ። አዋጁ አይሁድ የሚል ቃል አልነበረበትም፤ ማን እንደተባለ ግን ሁሉም ገብቶታል። ሥፍራው ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወደ 100,000 የሚጠጉ ቻይናውያን ይኖሩበት ነበር፤ እነሱም እዚያው ቀሩ። ግንብ አልተሠራበትም። ዳር ዳሩን እንዲጠብቁ የተደረጉት ራሳቸው ስደተኞቹ ናቸው። ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚሰጠው ጎያ የተባለ ጃፓናዊ ሹም «የአይሁድ ንጉሥ ነኝ» ይል ነበር፤ ሲፈልግ ይፈቅዳል፣ ሲፈልግ በጥፊ ይማታል።

ሐምሌ 17 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሰፈሩን ደበደቡ። ከ30 በላይ ስደተኞች ሞቱ። ከቻይናውያኑ ያለቁት በመቶዎች ናቸው። የስደተኞቹ ሐኪሞች ይህ የኛ፣ ያ የእነሱ ሳይሉ ቁስለኛ አክመዋል።

በልብ ወለድ ውስጥ

ደራሲዎች ከዚህ ሰፈር በተለይ የሚወዱት የፍቅር ታሪክ አለ፤ አይሁዳዊና ቻይናዊት፣ ወይም በተቃራኒው። ፈጠራ ብቻ አይደለም። ከናዚዎቹ የዳካው ማጎሪያ ካምፕ የተረፈው መስማት የተሳነው ሠዓሊ ዴቪድ ሉድቪግ ብሎክ እንደ እሱ መስማት የተሳናትን ቻይናዊት በ1946 አግብቷል። የሪክሾ ጎታቾችንና የለማኞችን ሕይወት በእንጨት ቅርጽ ሕትመት ትቶልናል። ሐኪም ገጸ ባሕርይም ደጋግሞ ይመጣል። የቪየናው ሐኪም ያኮብ ሮዘንፌልድ በ1941 የቻይና ኮሚኒስቶችን አዲስ አራተኛ ጦር ተቀላቅሎ ለዓመታት ቁስለኛ አክሟል።

ሌላው ተወዳጅ ርዕስ የማይዚንገር እቅድ የሚባለው ነው። ቶኪዮ የነበረው የጌስታፖ፣ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ሰው ዮሴፍ ማይዚንገር በ1942 የሻንጋይ አይሁዳውያን እንዲገደሉ ሐሳብ አቀረበ፣ የጃፓን ምክትል ቆንስል ሺባታም ምስጢሩን ለአይሁዳውያኑ ነገራቸው ይባላል። ሺባታ ማስጠንቀቁና መታሰሩ በብዙዎች ይጠቀሳል። እቅዱ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ግን የታሪክ ሰዎችን ያከራክራል። ልብ ወለድ ሲሆን ክርክሩ ይጠፋና እንደ እርግጠኛ ነገር ይቀርባል።

በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የነበረው ቅርርብም እንዲሁ ተጋኖ ይጻፋል። ቋንቋ አይገናኙም ነበር። ልጆች ቅያሱ ውስጥ አብረው ሲጫወቱ የሻንጋይን ቋንቋ ለቀሙ፤ አዋቂው ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛና በጣት ምልክት ነበር የሚግባባው። ጥሩው ልብ ወለድ ይህን ዝምታ አይደብቅም። ሁለት ሰው ሳይነጋገሩ ለዓመታት በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ማሳየት በጨረቃ ብርሃን ከመሳሳም ስንት እጥፍ ይበልጣል። ቻይናዊው ደግሞ ውሃ ቀድቶ ሰጥቶ የሚጠፋ ሰው ብቻ መሆን የለበትም። የሱዡ ወንዝ ድልድይ ላይ ለጃፓን ዘብ ጎንበስ የሚለው፣ ሩዝ የሚያጣው፣ አገሩ የተወረረው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ

ከጦርነቱ በኋላ ስደተኞቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ እስራኤል ሄዱ። በ1949 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ልጅነቱን ሆንግኮው ያሳለፈው ማይክል ብሉመንታል በ1977 የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኗል። ሁዎሻን መናፈሻ ውስጥ በ1994 የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። የኦሄል ሞሼ ምኩራብ በ2007 ሙዚየም ሆነ፤ በ2020 ሰፍቶ እንደገና ተከፈተ። ለመንገድ ማስፋፊያ የፈረሰው የስደተኞቹ ካፌ፣ «ነጩ ፈረስ»፣ እዚያው አጠገብ ተመስሎ ተሠርቷል። በሙዚየሙ ግቢ ያለው ግድግዳ በ2014 ሲመረቅ 13,732 ስሞች ተቀርጸውበት ነበር። የስደተኞቹ ስሞች ናቸው። በደረጃው፣ በወረፋው፣ በዚያ የሐምሌ ቀን አብረዋቸው የነበሩት የቻይናውያኑ ጎረቤቶች ስም እዚያ ላይ የለም።