«ዘ ፕሌይ» ምንድን ነው?

ሜዳ ውስጥ ቆሞ የሚነፋ አንድ ትሮምቦን ነፊ አስቡ። ዩኒቨርሲቲው አሸንፏል፣ ጨዋታው አልቋል ብሎ ያምናል። ጓደኞቹም ዙሪያውን ይነፋሉ፣ ይዘላሉ። ድንገት ሰማያዊ ማሊያ የለበሰ ሰው ኳስ ታቅፎ በሙዚቀኞቹ መሀል እየሰነጠቀ ይመጣል። በደስታ ወደ ላይ ይዘልና እሱው ላይ ያርፋል። ነፊውም ትሮምቦኑም መሬት ላይ።

አሜሪካኖች «ዘ ፕሌይ» የሚሉት ይሄንን ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 20፣ 1982 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 11 ቀን 1975 ዓ.ም.። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ።

መጀመሪያ ስያሜው። በአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታው እንደ እግር ኳስ ዝም ብሎ አይፈስም። ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። ኳሷ ትነሳለች፣ ተጫዋቹ ይሮጣል ወይ ይወረውራል፣ ይጠለፋል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ አለቀ። ከዚያ እንደገና። ያቺ አንዷ ቁራጭ «ፕሌይ» ትባላለች። በአንድ ጨዋታ ብቻ ከመቶ በላይ አለች። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ቁራጭ አንዷን መርጦ፣ ሌላ መግለጫ ሳይጨምር፣ «ያቺ ፕሌይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ።

ተጋጣሚዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው፣ በአጭሩ ካል ይሉታል። የመንግሥት ነው። ሌላው ስታንፎርድ ነው፣ የግል፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ። (ኦክላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቦታው ሩቅ አይደለም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት የቴሌግራፍ ጎዳና ቀጥ ብሎ ሄዶ የሚያበቃው በርክሌይ ግቢ ደጃፍ ላይ ነው።) ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በ1892 ነው። የዓመቱን ግጥሚያቸውን በቀላሉ «ትልቁ ጨዋታ» ይሉታል።

የሚጋጠሙበት ዋንጫ ዋንጫ አይደለም፣ መጥረቢያ ነው። ታሪኩ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። በ1899 የስታንፎርድ ደጋፊዎች መጥረቢያ ይዘው እያስፈራሩ ሲጨፍሩ የካል ተማሪዎች ነጠቁአቸው። ለመደበቅ እንዲመች እጀታውን ቆረጡት። ከዚያ ባንክ ካዝና ውስጥ ቆለፉበት፣ ለ31 ዓመት! በ1930 ሃያ አንድ የስታንፎርድ ተማሪዎች ዶልተው አስመለሱት። በመጨረሻ ትልልቆቹ ገብተው አስታረቋቸው፣ ከ1933 ጀምሮ ያሸነፈ ይውሰደው ተባለ። ይህን መጥረቢያ አትርሱት፣ እመለስበታለሁ።

ወደ 1982። የስታንፎርዱ ኮከብ ጆን ኤልዌይ ነበር፤ በኋላ ዴንቨር ብሮንኮስ በሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን ስሙ የገነነው። ያ ቀን የመጨረሻ የኮሌጅ ጨዋታው ነበር። በኮሌጅ ቆይታው በዓመቱ ማብቂያ ላይ ምርጥ ቡድኖች የሚጋበዙበት «ቦል» የሚባለው ግጥሚያ ላይ ተሰልፎ አያውቅም። ይህን ካሸነፈ ግን ግብዣው የማይቀር ነበር።

ሰዓቱ እያለቀ ስታንፎርድ 19 ለ 17 ይመራ... ይቅርታ፣ ይመራ የነበረው ካል ነው። ስታንፎርድ 17 ላይ ነበር። ኳሷ ደግሞ የራሱ ጎል ደጃፍ፣ 13 ያርድ ላይ። የመጨረሻ ዕድሉ ነው፤ ኳሷን ላለማስረከብ 17 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ሰው ሁሉ አበቃ ሲል ኤልዌይ 29 ያርድ ወርውሮ አገናኘ። ከዚያ ቡድኑን እየገፋ እስከ ፊልድ ጎል ርቀት አደረሰው፤ ፊልድ ጎል ማለት ኳሷን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መሀል ማሳለፍ ነው፣ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። ሰዓቱ ላይ 8 ሴኮንድ ሲቀር ስታንፎርድ እረፍት ጠየቀ። ማርክ ሃርመን መታት፣ ገባች። 20 ለ 19፣ 4 ሴኮንድ ቀረ።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ያለው ነው። ሰዎች ስለ ዳኞቹ ይከራከራሉ። ለእኔ ግን ነገሩ የተበላሸው በእነዚያ 8 ሴኮንዶች ነው። ሦስት አራት ሴኮንድ ታግሰው እረፍቱን ቢጠይቁ ኖሮ ኳሷ ስትገባ ሰዓቱም ያልቅ ነበር። ይሄ ጽሑፍም አይኖርም።

አልበቃቸውም። የስታንፎርድ ተቀያሪዎች በደስታ ሜዳ ገቡ። ቅጣት፣ 15 ያርድ። ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ኳሷን መትቶ ለሌላው ያስረክባል፤ ስለዚህ ስታንፎርድ ከ40 ሳይሆን ከ25 ያርድ ላይ መምታት ግድ ሆነበት። ካል ተቀብሎ መሮጥ ያለበት ርቀት በዚያው ልክ አጠረለት።

አሁን አንድ ሕግ ማወቅ አለባችሁ። በዚህ ጨዋታ ኳስን ወደ ፊት መወርወር ጥብቅ ገደብ አለው። ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን መወርወር ግን ማንም፣ የትም፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይችላል። «ላተራል» ይባላል። አደገኛ ስለሆነ ብዙ ሰው አይደፍረውም። የካሉ ሪቻርድ ሮጀርስ ግን ለጓደኞቹ ያላቸው ነገር ቀላል ነበር። ሊጥሏችሁ ሲሉ ኳሷን ለሌላ ስጡ፣ ይዛችሁ እንዳትወድቁ።

ኳሷ መሬት ለመሬት መጣች። ኬቨን ሞኤን አነሳት። መንገድ አጣ፣ ለሮጀርስ። ሮጀርስ ለድዋይት ጋርነር። ጋርነርን ስታንፎርዶች ከበቡት፣ ተቆለሉበት። እየወደቀ ሳለ ኳሷ ከክምሩ ውስጥ ወጥታ እንደገና ሮጀርስ እጅ ገባች። ሮጀርስ ጥቂት ሮጦ ለማሪየት ፎርድ። ፎርድ በረረ፤ ሊይዙት ሲሉ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወራት። የተቀበላት ማን ሆነ? ያው ሞኤን። አምስት ቅብብል።

የስታንፎርድ ማርሽ ባንድ በዚህ ጊዜ ሜዳው ውስጥ ነው። 144 ሰው! ጋርነር ሲወድቅ ጨዋታው ያለቀ መስሏቸው ከጎሉ በኩል ጎርፈው ገብተዋል። የሬዲዮ ኮሜንታተሩ ጆ ስታርኪ ሲጮህ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ «ባንዱ ሜዳ ገብቷል!» ዛሬም ድረስ የካል ሰው ያቺን ጩኸት በቃሉ ይወጣታል። ሞኤን በነጋሪትና በመለከት መሀል አልፎ ገባ። ጋሪ ታይረል የተባለው ትሮምቦን ነፊ የመጨረሻው ሰው ነበር።

ከዚያ ዝምታ። ዳኞቹ ተሰባሰቡ። ፊሽካ የነፋ አለ? የለም። ወደ ፊት የሄደ ውርወራ ያየ አለ? የለም። ባንዱስ? እሱ ጥፋት ቢሆን የስታንፎርድ ጥፋት ነው። ዋና ዳኛው ቻርልስ ሞፌት ሁለት እጁን ሽቅብ አነሳ፤ ጸደቀ፣ ስድስት ነጥብ ማለት ነው። ስታዲየሙ ፈነዳ። 25 ለ 20፣ ካል።

የጋርነር ጉልበት ኳሷ ከእጁ ሳትወጣ መሬት ነክቶ ነበር? ነክቶ ከሆነ ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር። የመጨረሻዋ ቅብብልስ ትንሽ ወደ ፊት አልሄደችም? ያኔ ዳኞች ቪዲዮ መልሰው የሚያዩበት አሠራር አልነበረም። ምስሉን ደጋግሜ እያቆምኩ አይቼዋለሁ። ጋርነር ላይ የተከመረው ሰው ጉልበቱን ሸፍኖታል። የካል ደጋፊ ቆሞ ያያል፣ የስታንፎርድ ደጋፊ ወድቆ ያያል። ኤልዌይ በጣም ተቆጣ፤ የመጨረሻ ጨዋታዬን አበላሹብኝ አለ። ግብዣውም ቀረ።

ስታንፎርዶች ዝም አላሉም። ከአራት ቀን በኋላ የተማሪ ጋዜጠኞቻቸው የካልን ተማሪዎች ጋዜጣ አስመስለው የውሸት ልዩ እትም አሳተሙ። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካሉ ውጤቱን ገልብጦ ድሉን ለስታንፎርድ ሰጠ ይላል። ይዘውት በርክሌይ ግቢ ሄደው በተኑት። ስንቱ የካል ተማሪ አንብቦ ልቡ ቀጥ እንዳለ አስቡት።

የተጨራመተው ትሮምቦን ዛሬ የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ንብረት ነው።

መጥረቢያውስ? መጥረቢያው የተሰቀለበት ሰሌዳ ላይ የየዓመቱ ውጤት ተጽፏል። ካል ጋ ሲሆን የ1982 መስመር 25 ለ 20 ይላል። ስታንፎርድ አሸንፎ የወሰደው ዓመት ግን ተማሪዎቹ ያቺን አንድ መስመር ይቀይሯታል። ስታንፎርድ 20፣ ካል 19። ካል መልሶ ሲወስደው ደግሞ ያስተካክላታል።