ኅትመት ሥዕል ምንድን ነው? ወንበርና ቁምሳጥን ወረቀት ላይ ሲያርፉ

አዲስ ብቅ ያለ ሠዓሊ የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእዩን በኅትመት ሥዕሎች ሲከፍት፣ ጎብኚዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና ቁምሳጥኑ ከተሣሉበት ወረቀት ግርጌ በእርሳስ 3/20 የሚል ተጽፎ ያያሉና «ይሄ ቅጂ ነው ማለት ነው? ዋናውስ የት አለ?» ይላሉ። ዋናው እሱ ራሱ ነው።

ኅትመት ሥዕል የሚባለው ሠዓሊው በእንጨት፣ በመዳብ ወይም በድንጋይ ላይ ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ ወደ ወረቀት የሚያሳልፈው ሥዕል ነው። የተቀረጸው እንጨት መሣሪያ እንጂ ሥዕል አይደለም፤ ሥዕሉ የሚገኘው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ እንጨት የታተሙት ሃያዎቹም እኩል ዋና ሥራዎች ናቸው። 3/20 ማለትም ከሃያዎቹ ሦስተኛው ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ልማዱ በግራ፣ ፊርማው በቀኝ ይሰፍራል። ሃያው ታትሞ ሲያልቅ ብዙዎች እንጨቱን ወይም መዳቡን ሆን ብለው ይጭሩታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ እንዳይታተምበት።

አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው። በእንጨት ቅርጽ መሮ የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተነካው ቀለም ይይዛል። በመዳብ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቀለሙ የሚገባው በተጫረው መስመር ውስጥ ሲሆን የላይኛው ገጽ ተጠርጎ ይጸዳል። በድንጋይ ማተምን እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፈው ጀርመናዊው አሎይስ ሴኔፌልደር ደግሞ ቅባትና ውኃ አለመዋሐዳቸውን ተጠቅሞበታል፤ በቅባት የተሣለው ቦታ ቀለሙን ይይዛል፣ ውኃ ያረጠበው ቦታ አይቀበለውም። በነዚህ ሁሉ ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል፤ እጀታው በቀኝ በኩል የሆነ ቁምሳጥን እንዲታተም የፈለገ ሠዓሊ በግራ አድርጎ መቅረጽ አለበት።

የቤት ዕቃ ለዚህ ጥበብ እጅግ ይስማማል የምለው ዕቃው ራሱ ማተሚያ መሆን ስለሚችል ነው። አንድ ያረጀ የጣውላ ጠረጴዛ እንውሰድ። ለዓመታት ሲታጠብና ሲፈተግ የእንጨቱ ለስላሳ ክፍል ተበልቶ ጠንካራዎቹ መስመሮች ከፍ ብለው ይቀራሉ። ቀለም በሮለር በስሱ ተቀብቶ፣ ቀጭን ወረቀት ተነጥፎበት በማንኪያ ጀርባ ሲታሽ እነዚያ መስመሮች አንድ በአንድ ይታተማሉ፤ የእንጨቱን ጉጥ ዙሪያውን እየከበቡት ይዞራሉ። ቢላዋ የጫረው ቀጭን ነጭ መስመር፣ ምስማር የነበረበት ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ማንም ያልሣለው፣ ቤተሰብ ሲኖርበት የተጻፈ ነገር ነው። ለሶፋ ጨርቅም መላ አለው፤ ጨርቁ መዳብ ላይ በተቀባ ለስላሳ ሰም ተጭኖ ሲነሣ ሽመናው ሰሙ ላይ ይቀረጻል፣ መዳቡ አሲድ ውስጥ ሲነከርም አሲዱ ያንኑ ተከትሎ ይበላዋል።

እንጨቱ ራሱ እንዲናገር መፍቀድ ዛሬ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ኖርዌያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሣንቃው መስመሮች በሥዕሎቹ ውስጥ እንዲታዩ ይተዋቸው ነበር። ጀርመን የተወለደው ሠዓሊ ማክስ ኤርነስትም እ.ኤ.አ. በ1925 አሮጌ የወለል ጣውላ ላይ ወረቀት አንጥፎ በእርሳስ እያሸ ሥዕል አውጥቷል፤ ቀለም ተቀብቶ ያልታተመ ስለሆነ የኅትመት ዘመድ ብንለው ይሻላል።

ለጀማሪ ሠዓሊ ኅትመት ሌላም ጥቅም አለው። አንዱን ሥራ ለብዙ ሰው መሸጥ ስለሚችል ዋጋው አንድ ብቻ ከሆነ ሥዕል ያነሰ ይሆናል፣ ገና መሰብሰብ የጀመረ ገዢም ይደፍረዋል።

መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር ላይ ነው። የቀለም ቅብ ሥዕል ፎቶ ተነሥቶ በኮምፒውተር ማተሚያ ከወጣ በኋላ ቁጥርና ፊርማ ተደርጎበት የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ግድግዳ ቢያሳምርም ሌላ ቦታ ዋናው ያለው ቅጂ ነው፤ ቁጥሩ ይህን አይለውጠውም። ከመግዛት በፊት ሠዓሊውን «ያተምከው ከምን ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ በእጁ የቀረጸ ሰው እንጨቱን አውጥቶ ለማሳየት ደስ ይለዋል።